ለኦንላይን የአፌዥያ የወግ ቡድን በጎ ፈቃደኛ መሆን፦ የቱ ይሻላችኋል?

በሳምንት አንድ ሰዓት አላችሁ እንበል። ላፕቶፕ አለ፤ ኢንተርኔቱም አያስቸግርም። ከስትሮክ በኋላ መናገር የከበዳቸውን ሰዎች በኦንላይን ማገዝ ትፈልጋላችሁ። ፍለጋ ስትጀምሩ ግን ምርጫው ይበዛል። አንዱ ድርጅት አወያይ ይፈልጋል። ሌላው ሰዎችን ዙም ላይ የሚያስገባ የቴክኒክ ረዳት ይላል። ሌላው ደግሞ በየሳምንቱ ከአንድ ሰው ጋር ብቻ የሚያወጋ ሰው ይጠይቃል። አንዳንዱ ሥልጠና ካልወሰዳችሁ አያስገባችሁም፤ አንዳንዱ ቅጽ አስሞልቶ በሳምንቱ ሊንክ ይልክላችኋል።

ብዙ ሰው "የት ብሆን የበለጠ እጠቅማለሁ?" ብሎ ይመርጣል። ጥያቄው ክፋት የለውም። እኔ ግን ከሱ በፊት ሌላ ጥያቄ አስቀድማለሁ። ሰው ቃል ፍለጋ ሲቸገር እያያችሁ፣ አፋችሁን ዘግታችሁ ምን ያህል መቆየት ትችላላችሁ? የዚህ ሥራ ትልቁ ክፍል መጠበቅ ነው። የያዛችሁት ቦታ ሐሳባችሁን በአሥር ነገር ከበታተነው፣ ለመጠበቅ የሚተርፍ ትዕግሥት አይኖራችሁም። ከታች ያሉትን ምርጫዎች የማወዳድረው በአብዛኛው በዚህ ነው።

መጀመሪያ ስለ አፌዥያ ጥቂት

አፌዥያ የአንጎል የቋንቋ ክፍል ሲጎዳ የሚመጣ ችግር ነው። ብዙ ጊዜ መነሻው ስትሮክ ነው፤ የጭንቅላት አደጋና ዕጢም ያመጡታል። ስትሮክ ከደረሰባቸው ሰዎች ሲሶ ያህሉን ያገኛቸዋል። በ1861 ፖል ብሮካ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም "ታን" ከማለት በቀር ቃል የማይወጣው አንድ ሕመምተኛ ሲሞት አንጎሉን መረመረ። ጉዳቱን በግራ በኩል፣ ወደ ፊት ገፋ ብሎ አገኘው። በ1874 ደግሞ ጀርመናዊው ካርል ቬርኒከ ሌላውን ዓይነት ገለጸ። በዚህኛው ንግግሩ ይፈሳል፣ ትርጉሙ ግን አይያዝም፤ ሰውየው ሌሎች የሚሉትን መከተልም ይቸግረዋል። ሁለቱም ዓይነት ሰው አንድ ዙም ላይ ሊገናኝ ይችላል። አንዱን ትጠብቁታላችሁ፤ ሌላውን በዘዴ ገታ ታደርጉታላችሁ።

ያልተጎዳውንም ማወቅ ያስፈልጋል። ሰውየው ልጆቹን ያውቃል፣ ፖለቲካውን ያውቃል፣ ማን እንደናቀውም ያውቃል። የከበደው ያንን በቃል ማውጣት ነው። ማንበብና መጻፍም ብዙ ጊዜ አብረው ይጎዳሉ። ስለዚህ "መናገር ካቃተው ቻት ላይ ይጻፍ" የሚለው ምክር ለአብዛኛው ሰው አይሠራም። እንዲህ የሚል አስተባባሪ ካጋጠማችሁ ሥራውን በደንብ እንደማያውቀው ገምቱ።

ክፍት ቡድን ወይስ ዝግ ቡድን?

ክፍት ቡድን ማለት ሰው ተመዝግቦ፣ ከሳምንቱ ፕሮግራም የወደደውን መርጦ የሚገባበት ነው። በ2020 የተጀመረው ቨርቹዋል ኮኔክሽንስ ጥሩ ምሳሌ ነው። የጀመሩት ሊንግራፊካ የተባለው የመናገሪያ መሣሪያዎች አምራችና አፌዥያ ሪከቨሪ ኮኔክሽን የተባለው ማኅበር ናቸው። ማኅበሩን በ2012 ያቋቋሙት ገና በለጋ ዕድሜያቸው ስትሮክ የመታቸው ሁለት ሰዎችና እናቶቻቸው ናቸው። ኮሮና ሰውን ቤት ሲዘጋበት እንዲህ ያለው ነገር ትልቅ ትንፋሽ ሆነ። አንዱ ክፍል ስለ ምግብ ያወራል፣ ሌላው ስለ ፊልም፣ ሌላው ይዘምራል።

ለበጎ ፈቃደኛ ክፍት ቡድን ምቹ ነው። ሽፍት የሚቀያየርባችሁ ነርሶች፣ ሹፌሮች፣ የሆቴል ሠራተኞች ከሆናችሁ በየሳምንቱ ማክሰኞ 7 ሰዓት ላይ እገኛለሁ ብላችሁ መማል አትችሉም። እዚህ በተመቻችሁ ቀን ትገባላችሁ። ችግሩ ፊቱ በየሳምንቱ መቀያየሩ ነው። አፌዥያ ያለበትን ሰው ለመረዳት ግማሹን የሚሠራላችሁ ስለ ሕይወቱ የምታውቁት ነገር ነው። መምህር እንደነበረ፣ ሁለት ሴት ልጆች እንዳሉት፣ አርሰናል እንደሚደግፍ ካወቃችሁ ከግማሽ ቃል ተነስታችሁ ትደርሱበታላችሁ። ካላወቃችሁ በየሳምንቱ ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

ዝግ ቡድን ውስጥ ግን ከአምስት እስከ ስምንት የሚሆኑ ያው ሰዎች ለወራት ይገናኛሉ። ብዙዎቹን የሚያዘጋጁት የአፌዥያ ማዕከላት ናቸው። ከቀደምቶቹ አንዱ የቶሮንቶው አፌዥያ ኢንስቲትዩት ነው። ፓት አራቶ የተባለች ሴት ባሏ አፌዥያ ሲይዘው በ1979 መሠረተችው። በኦክላንድ ያለው የካሊፎርኒያ አፌዥያ ማዕከል በ1996 ተከፈተ። በቨርጂኒያ፣ ቪየና ከተማ ስትሮክ ካምባክ ሴንተር የሚባል አለ። ብዙ ሐበሻ ከሚኖርባቸው ከአሌክሳንድሪያና ከሲልቨር ስፕሪንግ ሩቅ አይደለም፤ ሆኖም ከኛ ሰው መኖሩን የሚያውቅ ጥቂት ይመስለኛል። እንዲህ ያሉ ቦታዎች የንግግር ሕክምና ባለሙያ አላቸው። ስትሳሳቱ የሚያርማችሁ ሰው አለ ማለት ነው።

በእንግሊዝ ደግሞ እንደ ሴይ አፌዥያ ያሉ በጎ አድራጎት ድርጅቶች አሉ። እዚያ አፌዥያ ያለባቸው ሰዎች ራሳቸው ወግ ይመራሉ። በጎ ፈቃደኛው የሚቀመጠው ወደ ኋላ ነው። ይህ ለኩራት አይመችም፤ ለመማር ግን ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። እንግሊዝ ካላችሁ ዲቢኤስ የሚባለውን የወንጀል መዝገብ ማጣሪያ ሊጠይቋችሁ ይችላሉ፤ አትቀየሙ፣ የተለመደ ነው።

የዩኒቨርሲቲ ክሊኒኮች የሚያካሂዷቸው ቡድኖችም አሉ። ተማሪዎች ይመሯቸዋል፣ መምህር ይቆጣጠራል። ጥራታቸው ጥሩ ነው። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ግን ቡድኑም ሊበተን ይችላል፤ የለመዱት ፊት ደግሞ አይመለስም።

እኔ ብሆን ሦስት ወር መቆየት ከቻልኩ ዝግ ቡድን እመርጣለሁ። ካልቻልኩ ክፍት ቡድን እገባለሁ፤ ዝግ ቡድን ገብቼ በሁለተኛው ሳምንት ከምጠፋ ይሻላል። ስትሮክ ከመታቸው በኋላ ጓደኞቻቸው ቀስ በቀስ የራቋቸው ሰዎች ናቸው። አንድ ተጨማሪ ጠፊ አያስፈልጋቸውም።

ምን ልሥራ? የቦታዎቹ ልዩነት

*የቴክኒክ ረዳት።* ሰው ይህን ቦታ ይንቀዋል። ለጀማሪ ግን መጀመሪያ የምመክረው እሱን ነው። ትዕዛዙ ግልጽ ነው፣ ወጉን የመምራት ጭንቀት የለም፣ ባለሙያው እንዴት እንደሚጠብቅ ደግሞ ከዳር ሆናችሁ ታያላችሁ።

ሥራው ቀላል ነው ማለት ግን አይደለም። በግራ አንጎል የተመታ ሰው ብዙ ጊዜ ቀኝ እጁ አይታዘዝም። ማውዝ የሚይዘው ባልለመደው በግራ እጁ ነው። አንዳንዱ የቀኝ ጎን እይታውም ይጎድላል። ኮምፒውተር ላይ የዙም ቻት የሚከፈተው በየት በኩል ነው? በቀኝ። "ቻት ላይ ልኬልሃለሁ" ብትሉት ላያየው ይችላል።

ሰውየው መግባት አቅቶት ስልክ ስትደውሉለት "ስክሪኑ ላይ ምን ይታይሃል?" ብላችሁ አትጠይቁ። ለአፌዥያ ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው፤ ስም መጥራት ነው የምትጠይቁት። "ሰማያዊ ቁልፍ አለ? አዎ ወይስ የለም?" በሉ። ከዚያ ቀጣዩን። ሌላም አለ። ሰው በልጁ አይፓድ ሲገባ ከፊቱ ሥር "አይፓድ 2" ይላል። ለአፌዥያ የሰው ስም ከማስታወስ የሚከብድ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሁሉም እንደገባ የእያንዳንዱን መጠሪያ አስተካክሉ። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ቡድኑ ግን ሰዓቱን ሙሉ ይጠቀምበታል።

*የወግ ረዳት።* ከአወያዩ ጎን ሆኖ ወረቀትና ማርከር የሚይዘው ነው። የወጉ ልብ ያለው እዚህ ይመስለኛል፤ ትንሽ ልቆይበት።

አንድ አባት ስለ ቅዳሜያቸው ሊናገሩ ይሞክራሉ እንበል። "እ... ሦስት። አይ... ሦስት!" ይላሉ። ግራ እጃቸውን ከወንበሩ ትንሽ ከፍ አድርገው አየር ላይ ይይዛሉ። ዝም። አምስት ሰከንድ ያልፋል፣ አሥር ያልፋል። ዙም ላይ አሥር ሰከንድ ዓመት ነው። አንዱ "ሦስት ሰዓት ላይ?" ብሎ ከአፋቸው ሊነጥቅ ይከጅላል፤ አወያዩ እጁን አንስቶ ቆይ ይለዋል። አባትየው እንደገና ሞክረው ሳይሆንላቸው ወደ ካሜራው ቀና ሲሉ፣ አሁን ረዳት ይፈልጋሉ።

ረዳቱ በአካል ቢሆን "ሰዓት፣ ሰው፣ ዕቃ" ብሎ ጽፎ በጣት አሳዩኝ ይላቸው ነበር። በኦንላይን ይህ አይሆንም። እሳቸው የሚጠቁሙት የራሳቸውን ስክሪን ነው፤ ማንም አያየውም። ስለዚህ ምርጫው አንድ በአንድ ይቀርባል። አንድ ወረቀት፣ አንድ ቃል፣ በወፍራም ጥቁር ማርከር። "ሰዓት?" አውራ ጣት ወደ ታች። "ሰው?" አውራ ጣት ወደ ላይ። "ልጅ?" እጃቸውን ይወዘውዛሉ፤ ቀርቧል ማለት ነው። "የልጅ ልጅ?" ፊታቸው ይበራል። ሦስተኛ የልጅ ልጅ ተወልዷል፤ እጃቸው ላይ አቅፈዋል። እዚህ ላይ አያልቅም። ረዳቱ መልሶ ይጠይቃል፦ "ሦስተኛ የልጅ ልጅ፣ ቅዳሜ አቀፏት፤ ልክ ነኝ?" አዎና አይ የሚምታቱባቸው ብዙ ናቸው። አፋቸው "አይ" እያለ ጭንቅላታቸው አዎ ይላል። ሳታረጋግጡ ካለፋችሁ የሳቸውን ወግ ትታችሁ የራሳችሁን ፈጥራችኋል።

አንድ የቴክኒክ ነገር። ወረቀቱን ካሜራ ፊት ስትይዙት በራሳችሁ ስክሪን ላይ ፊደሉ ተገልብጦ ታዩታላችሁ። አትደንግጡ፤ ሌሎች የሚያዩት በትክክሉ ነው። ተገልብጧል ብለው ወረቀቱን ሲያዟዙሩ የሚያመሹ አሉ።

*የአንድ ለአንድ አጋር።* በየሳምንቱ ከአንድ ሰው ጋር ሠላሳ ደቂቃ ወይም አንድ ሰዓት ታወጋላችሁ። ቡድን ለሚያስፈራቸው፣ አፌዥያው ለከበደባቸው ሰዎች ይህ ይሻላል። ለናንተም ትዝታው የሚቀር ነው። ግን ብቻችሁን ናችሁ። ሰውየው ቢያለቅስ፣ ቢናደድ፣ ሚስቱ ከጀርባ መጥታ ብሶቷን ብትዘረግፍ የሚያግዛችሁ የለም። ቤተሰቡ ቀስ በቀስ እንደ ሐኪም ሊያያችሁ ይጀምራል፤ ስለ መድኃኒት ይጠይቃሉ። ገደባችሁን ከመጀመሪያው ቀን ተናገሩ። ቡድን ውስጥ ሳትቆዩ ወደዚህ አትዝለሉ።

*አወያይ።* ሁሉም የሚመኘው ነው። እኔ ደግሞ ለጀማሪ በፍጹም የማልመክረው። ሰዓት ትጠብቃላችሁ፣ ተራ ትሰጣላችሁ፣ ስላይድ ታሳያላችሁ፣ ብዙ የሚናገረውን ትገታላችሁ፣ ዝም ያለውን ታስታውሳላችሁ። ይህ ሁሉ እያለ የሰውን ፊት አይቶ መጠበቅ ልምድ ይጠይቃል። አብዛኛው ጀማሪ አወያይ የሚያደርገውን ታውቃላችሁ? ዝምታ ሲመጣ ራሱ ያወራል።

ካሜራ ፊት መቅረብ የማይሆንላችሁ ካላችሁም ሥራ አለ። ስልክ ደውሎ ቀኑን ማስታወስ፣ ለሳምንቱ ርዕስ ፎቶ መሰብሰብ፣ ረጅም ጽሑፍን ወደ አጭርና ግልጽ ዓረፍተ ነገር መቀየር። ድርጅቶቹ ለዚህ ሰው ሲያገኙ ይደሰታሉ።

ሥልጠናው የግድ ነው?

"እኔ ሰው እወዳለሁ፣ ትዕግሥትም አለኝ፤ ምን ሥልጠና ያስፈልገኛል?" የሚል ይኖራል። በ2001 የቶሮንቶው አፌዥያ ኢንስቲትዩት ባለሙያ ኦራ ካገንና ባልደረቦቿ ይህንኑ ፈትሸውት ነበር። 40 በጎ ፈቃደኞችን ወስደው ግማሹን የኢንስቲትዩቱን የታገዘ ወግ ዘዴ አሠለጠኑ። ግማሹ ያለ ሥልጠና አፌዥያ ካለባቸው ሰዎች ጋር መገናኘት ብቻ ነበረው። ወጋቸው በቪዲዮ ሲመዘን የሠለጠኑት በግልጽ ተሽለው ተገኙ። ይበልጥ የሚገርመው ሌላው ውጤት ነው። ምንም ያልሠለጠኑት አፌዥያ ያለባቸው ሰዎችም ከሠለጠነ ሰው ጋር ሲያወጉ የተሻለ ተግባቡ።

የዘዴው መነሻ ሰውየው እንደሚያውቅ እንደምታውቁ በግልጽ መናገር ነው፦ "የሚሉትን እንደሚያውቁት አውቃለሁ።" ሰው ቃል ሲያጣ መጀመሪያ የሚፈራው እንደ ጅል እንዳይታይ ነው። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ስትሉ ትከሻው ሲወርድ ታያላችሁ። ኢንስቲትዩቱ የመግቢያ ትምህርቱን በኦንላይን በነፃ ይሰጣል። ዩሲኤል የሚባለው የለንደን ዩኒቨርሲቲም ቤተር ኮንቨርሴሽንስ ዊዝ አፌዥያ የሚባል ነፃ የኦንላይን ትምህርት አለው። ስለዚህ ምክንያት የለም። ሥልጠና ከሚሰጥና ከማይሰጥ ድርጅት መምረጥ ካለባችሁ የሚሰጠውን ያዙ። የሚመቻችሁ የማይሰጠው ከሆነ እነዚህን ራሳችሁ ጨርሳችሁ ግቡ።

ውጤትንም በልኩ መጠበቅ ነው። የለንደኑ ሲቲ ዩኒቨርሲቲ ኢቫ ፓርክ በሚባል በኮምፒውተር በተሠራ ምናባዊ ደሴት ላይ፣ አፌዥያ ያለባቸውን ሰዎች በቡድን የሚያገናኝ ሙከራ አድርጎ በ2020 ውጤቱን አሳትሟል። 34 ሰዎች በስድስት ወር ውስጥ 14 ጊዜ የተገናኙበት ነው። ሰዎቹ ዘልቀው ተሳተፉ። በመለኪያዎቹ ላይ ግን ጉልህ ለውጥ አልታየም። ሰው መናገር ይጀምርልኛል ብላችሁ ከገባችሁ በሁለት ወር ተስፋ ትቆርጣላችሁ። የምትሰጡት ሰው የሚሰማበትን አንድ ሰዓት ነው፤ ያን ለማግኘት ሰዎቹ በአንድ እጃቸው ዙም ከፍተው ይመጣሉ።

በእንግሊዝኛ ወይስ በአማርኛ?

ለኛ ሰው ትልቁ ምርጫ ይህ ነው።

ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው አፌዥያ ሲይዘው የትኛው ይተርፋል? በ1881 ሪቦ የተባለ ፈረንሳዊ መጀመሪያ የተማሩት ቋንቋ ይቆያል አለ። በ1895 ፒትር የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ ደግሞ ከመታመሙ በፊት አዘውትሮ የሚናገረው ቀድሞ ይመለሳል አለ። ዛሬ የሚታወቀው ብዙ ሰው ላይ ሁለቱም አብረው እንደሚጎዱና አብረው እንደሚያገግሙ ነው፤ ለሁሉም ግን አንድ ሕግ የለም። ስለዚህ "አማርኛማ አይጠፋውም" ብላችሁ አትገምቱ። በሌላ በኩል አሜሪካ ሠላሳ ዓመት ኖሮ እንግሊዝኛው የጎደለ ሰው በእንግሊዝኛ ቡድን ውስጥ ሁለት እጥፍ ይቸገራል። አማርኛ የሚያወጋ በጎ ፈቃደኛ ደግሞ እንደልብ አይገኝም። ኢትዮጵያም ውስጥ የንግግር ሕክምና ባለሙያ ጥቂት ነው።

ሦስት መንገድ አለ። በእንግሊዝኛ ቡድን ረዳት መሆን አንዱ ነው። ሁለተኛው ለአንድ ማዕከል ወይም ለአንድ ባለሙያ "አማርኛ እናገራለሁ፤ ሰው ሲመጣ ጥሩኝ" ብሎ መመዝገብ ነው። ሦስተኛው የራሳችሁን ትንሽ የአማርኛ ቡድን ማቋቋም። ቅደም ተከተሉም እንዲሁ ቢሆን ጥሩ ነው። ሦስተኛውን ለመጀመር የምትቸኩሉ፣ ቢያንስ አንድ ባለሙያ በስልክም ቢሆን የሚያማክራችሁ ይኑር። ከሦስት እስከ አምስት ሰው ይበቃል።

በአማርኛ ስታወጉ ሰላምታው ያሳስታችኋል። ከባድ አፌዥያ ያለባቸው ሰዎች እንኳን በልምድ የሚወጣ ንግግር ይቀርላቸዋል፤ ሰላምታ፣ ቁጥር መቁጠር፣ ጸሎት፣ ዘፈን። "እንዴት አደሩ?" ስትሏቸው "ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናንተስ?" ይሏችኋል፤ አንዲት ቃል ሳትጎድል። ከዚያ ቁርስ ምን በሉ ስትሉ ምንም የለም። ዘመድ "ሲፈልግ ይናገራል" የሚለው ለዚህ ነው። ነገሩ ስንፍናም እልኸኝነትም አይደለም። አቡነ ዘበሰማያትን እስከ መጨረሻው ያደረሱ እናት "ውኃ" ማለት ሊያቅታቸው ይችላል። ሰላምታውን ለማሟሟቂያ ተጠቀሙበት፤ ችሎታ አትለኩበት። ጸሎትና መዝሙር ከሆነ ደግሞ ቡድኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሃይማኖቱ አንድ ላይሆን ስለሚችል አስቀድማችሁ ጠይቁ። የድሮ ዘፈን ብዙ ጊዜ ሁሉንም ያስማማል።

አነጋገሩ አጭርና ዝግ ያለ ይሁን እንጂ ልጅ አታድርጓቸው። ጋሼ ጋሼ ናቸው፤ እትዬም እትዬ። በአንቱታ የምትጠሯቸውን ሰዎች አፌዥያ ስለያዛቸው ወደ አንተና አንቺ አታውርዱ። ድምፅም አትጨምሩ፤ ጆሯቸው ደህና ነው። እሳቸው "እሷ" ሊሉ ፈልገው "እሱ" ቢሉ ማረም አያስፈልግም፤ ከገባችሁ እለፉ። ርዕሱም የአዋቂ ይሁን። የእንስሳት ሥዕል አውጥቶ "ይህ ምንድን ነው?" ከማለት የጤፍ ዋጋ፣ የፒያሳ የድሮና የዛሬ ፎቶ፣ የደርቢ ጨዋታ ብዙ ያስወጋል።

ሌላው ቤተሰብ ነው። በአማርኛ ቡድን ልጅ ወይም ሚስት ከካሜራው ውጭ ትቀመጥና በእናንተ ጥያቄ ላይ መልስ ትወረውራለች። በፍቅር ነው፤ ለወራት አፍ ሆና የኖረች ናት። ውጪ አትበሏት። ሥራ ስጧት፦ "እኛ ስንጠይቅ እሳቸው ይመልሱ፤ ካልገባን አንቺን እንጠይቅሻለን።" ከዚያ በኋላም ቢሆን የምትመልስ ከሆነ ጥያቄውን ስማቸውን ጠርታችሁ ወደሳቸው መልሱ።

ምስጢርም በአማርኛ ቡድን ይከብዳል። በዋሽንግተን አካባቢ ወይም በቴላቪቭ ያለ ሐበሻ ሁለት ሰው ቢጠይቅ ማን የማን ዘመድ እንደሆነ ይደርስበታል። ቡድኑ ውስጥ ያያችሁትን ሰው ቤተክርስቲያን ላይ ስታገኙ "ዙም ላይ እንገናኛለን" አትበሉ። የስክሪን ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ "የተቀደሰ ሥራችን" ብሎ መለጠፍማ ጭራሽ አይታሰብ።

ዋሽንግተንና አዲስ አበባን የሚያገናኝ ቡድን ከሆነ ደግሞ ሰዓቱ ያጣላል። ልዩነቱ በበጋቸው ሰባት፣ በክረምታቸው ስምንት ሰዓት ነው። በላዩ ላይ የኛ ሰዓት አቆጣጠር ይጨመራል። "ቅዳሜ 3 ሰዓት" ስትሉ ጤነኛውም ግራ ይገባዋል፤ ለአፌዥያ ደግሞ ቁጥር ራሱ ይከብዳል። የግድግዳ ሰዓት ሥዕል አድርጋችሁ ላኩ፤ ለአዲስ አበባው የአዲስ አበባውን፣ ለቨርጂኒያው የቨርጂኒያውን።

ዙም፣ ዋትስአፕ ወይስ ቴሌግራም?

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ለቡድን ዙም ይሻላል፤ ፊት ትልቅ ሆኖ ይታያል፣ ስም ይስተካከላል፣ ፎቶ ለሁሉም ይታያል። ነፃው 40 ደቂቃ ላይ ይቆርጣል፤ ለጀማሪ ቡድን ይበቃል፣ አፌዥያ ያለበት ሰውም ቶሎ ይደክማል። ዋትስአፕና ቴሌግራም ለአንድ ለአንድ ወግ ጥሩ ናቸው። ቤተሰቡ ስለለመዳቸው ሊንክና የይለፍ ቃል የለም። የድምፅ መልእክትም ደጋግሞ ይሰማል፤ ንግግር ለመከተል ለሚቸገር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት ሰው የዕለቱን ፎቶ ቀድማችሁ ላኩለት፤ ቪዲዮው ቢጠፋ በድምፅ ብቻ ወጉን ይከታተላል።

ከመግባታችሁ በፊት የምትጠይቁት

አንዳንድ ሰው አሁን ባይገባ ይሻላል። አባቱ በቅርቡ በስትሮክ የታመመ ሰው ከልቡ ሊረዳ ይመጣል፤ ግን የሌላው አባት ቃል ሲያጣ የሚያየው የራሱን ነው። ትንሽ ይቆይ። የሆሊውድ ተዋናዩ ብሩስ ዊሊስ በ2022 አፌዥያ አለበት ሲባል፣ በ2023 ደግሞ የአንጎል ሕመሙ ፍሮንቶቴምፖራል ዲሜንሽያ እንደሆነ ቤተሰቡ ሲናገር ብዙ ሰው ይህን ጉዳይ ሰማ። የእሱ ዓይነቱ እየባሰ የሚሄድ ነው፤ የስትሮኩ ግን ለዓመታት እንኳን ቀስ እያለ ሊሻሻል ይችላል። የምትገቡበት ቡድን የትኛውን እንደሚያስተናግድ ጠይቁ፤ የምትዘጋጁበት ነገር ይለያያል።

አስተባባሪውን ደግሞ እነዚህን ጠይቁት። ክፍሉ ውስጥ ባለሙያ አለ ወይ? ስንት ሰው ይገባል? ከአሥር ካለፈ ማንም ተራ አይደርሰውም። በማልመጣበት ቀን የሚተካኝ ማነው? ከሁሉም በላይ ግን ይህን፦ ሰው ካሜራ ፊት እንደገና ቢታመም ምን አደርጋለሁ? አንድ ጊዜ ስትሮክ የመታው ሰው ለሁለተኛው የተጋለጠ ነው። ፊቱ ባንድ ጎን ሲወርድ፣ ክንዱ ሲዝል ዙም ላይ የምታዩት እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ከቨርጂኒያ 911 ብትደውሉ የሚያነሳው የእናንተ ሰፈር ነው፤ ሰውየው ግን ቴክሳስ ወይም አዲስ አበባ ነው። በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ እሱንም መደወል ያለበት እዚያው ያለ ሰው ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱ ተሳታፊ አድራሻና አጠገቡ ያለ ሰው ስልክ ወግ ከመጀመሩ በፊት ከአስተባባሪው እጅ መኖር አለበት። "እስካሁን እንዲህ ያለ ነገር አልገጠመንም" ብሎ የሚያልፍ አስተባባሪ ከሆነ፣ ሌላ ቡድን ፈልጉ።